የሞተረኛውን ትከሻ መታ ያደረግኩ ዕለት

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ያንን የሞተሩን ነገር ንገሪን» እያሉ መቀመጫ ነሱኝ። ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። በነገርኳቸው ቁጥር ይስቃሉ፤ ስቀው ሲጨርሱ ደግሞ እንደ አዲስ ይጠይቁኛል። ትልቋ ሰናይት ዘንድሮ ሌላ ነገር አመጣች። «አንቺ አውሪ፣ እኔ ልጻፈው፣ ለሌላውም ሰው ይድረስ» አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምፈርመውም በአውራ ጣቴ ነው። ስለዚህ እኔ እያወራሁ እሷ እየጻፈች ነው። የፊደል ስህተት ካገኛችሁ እሷን ውቀሷት፤ የነገሩ ስህተት የኔ ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለ የገበያ ቀን ነው። ከልቤ ያልወጣው ስለወደቅኩ አይደለም። በዕድሜዬ ከበቅሎም ወድቄ አውቃለሁ። ያልወጣው ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ሁሉ ሌላውን ለማሳሰር ሲሯሯጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ማየቴ ነው።

እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ አንዷ ጋዝጊብላ፣ አንዷ ፃግብጂ፣ አንዷ እዚህ ሰቆጣ ከተማ ነው ያገቡት። አንዷ ጋ ሳምንት ስከርም ሌላዋ ትናፍቀኛለች። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «እኔ ያገባሁት አንቺን ሳይሆን መንገዱን ነው» ይለኝ ነበር። ድሮ በእግሬ ነበር የምዞረው። ጉልበቴ እንቢ ሲል ሞተር መጣልኝ። መጀመሪያ ሳየው «እንዲህ በሚጮህ ነገር ላይ ሰው እንዴት ይፈናጠጣል!» ብዬ ነበር። አንዴ ከተፈናጠጥኩ በኋላ ግን ምነው ቀደም ብሎ በመጣልኝ የሚያሰኝ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

የኔ ሞተረኛ ጌታወይ ይባላል። የአስከተማ ሰው ነው፣ የሦስት ልጆች አባት። ሲያዩት ዝምተኛ ይመስላል፤ ሞተሩ ላይ ሲወጣ ግን ቀልዱ አያልቅም። ከሱ ጋር አንድ ውል አለን። መንገድ ላይ ቤተክርስቲያን ባየሁ ቁጥር ትከሻውን አንዴ መታ አደርገዋለሁ፤ ይቆማል። እኔም እዚያው እንደተቀመጥኩ አማትቤ፣ ጎንበስ ብዬ እሳለማለሁ። ስጨርስ ሁለቴ መታ አደርገዋለሁ፤ ይሄዳል። ሳይሳለሙ ማለፍ በኛ ቤት ነውር ነው፤ እናቴ በእግሯ ስትሄድ እንኳ ሸክሟን አውርዳ ነበር የምትሳለመው። ጌታወይም ይህን ስለሚያውቅ አንድ ቀን አላጉረመረመም። ብቻ አንዳንዴ «እማማ፣ ሌላው ሰው ሁለቴ በሚደርስበት እኛ አንዴ እየደረስን ነው፤ በዚህ አካሄድ ግን ገነት ቀድመን እንገባለን» ይለኛል።

ያን ዕለት ከአስከተማ ተነስተን ሰቆጣ ልጄ ዘንድ ነበር የምንሄደው። አንድ አውራ ዶሮ እግሩን አስሬ በዘንቢል ይዣለሁ። እንደ ልማዴ በአንድ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ጌታወይ ሄልሜቱን አውልቆ በግድ አጥልቆልኛል። «ይሄንን ድስት አንሳልኝ፣ የሰው መሳቂያ አደረግከኝ» ብዬ ብለምነውም አልሰማኝም። «እማማ፣ የርስዎ ራስ ከተሰበረ ሦስት አማች ነው የሚፈጀኝ» አለ። ይኸው ዛሬ ራሴ ደህና ሆኖ የማወራችሁ በሱ እልህ ነው።

ከተማው መግቢያ ስንደርስ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። አህያው እንጨት ጭኗል፣ ፍየሉ ይተራመሳል፣ ባጃጁ በመሀል ይሽሎከሎካል፣ ከባድ መኪናው አንድ ስንዝር ሄዶ ይቆማል። ከዚያ ሁሉ ጭንቅ እንደምንም ወጣንና መንገዱ ትንሽ ገለጥ አለ። ጌታወይ ደስ ብሎት ነዳጅ ሰጠው። እኔም ንፋስ ሲነካኝ ቀና አልኩ። ቀና ስል ከዛፎቹ መሀል የማርያም ጉልላት ብቅ አለች።

እጄ ሳላስበው ሄደ። ትከሻውን መታ አደረግኩት።

ጌታወይም ሳያስበው ነው መሰለኝ፤ ፍሬኑን ያዘው። ማማተብ ጀምሬ «በስመ አብ» ብያለሁ። «ወወልድ» አላልኩም። ከኋላችን የሆነ ነገር «ጓ!» ሲል ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የማውቀው አየር ላይ መሆኔን ነው። እንዴት እንደተወረወርኩ አላውቅም። ያረፍኩት ግን መንገድ ዳር ለገበያ በተከመረ ጌሾ ላይ ነው። ማርያም ናት እንግዲህ፤ ድንጋይ ክምርም እኮ ከጎኑ ነበር። የጌሾው ባለቤት አንዲት ሴት ከላዬ ቆማ «ወይኔ ጌሾዬ!» ስትል ሰማኋትና መትረፌን አወቅሁ። ቆየት ብላ ደነገጠችና «ውይ፣ ሰው ነዎት እንዴ?» አለችኝ። ያ ሄልሜት ነው ያሳታት።

ዶሮዬ ከዘንቢሉ አምልጦ የገጨን መኪና ጭነት ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። መኪናው ከኋላው ክፍት የሆነ ፒካፕ ነው፤ ጆንያና ካርቶን ጭኗል። ጌታወይ ከሞተሩ ሥር እየተሳበ ወጣ። ቅልጥሙ ተልጧል፤ ደም ይወርደዋል፤ አጥንቱ ግን ደህና ነው። ሞተሩ የኋላ ቸርኬው ተጣሟል፣ መብራቱ ረግፏል። ጌታወይ እግሩን ትቶ መጀመሪያ የጮኸው «እማማ! እማማ የት ናቸው?» ብሎ ነው።

«ጌሾ ውስጥ ነኝ!» አልኩት።

ከፒካፑ አንድ ቀጠን ያለ ጎልማሳ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሮጦ መጥቶ እግሬ ሥር ተንበረከከ። «እናቴ፣ አፉ ይበሉኝ። እናቴ፣ የት ነው የመታዎት?» ይላል። ስሙ ሰይድ ነው፤ እናቱ ገበያው ዳር ሱቅ አላት። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰው ከቦት «ያዙት! አሮጊት ገጭቶ ሊያመልጥ ነው!» ይላል። የት ያመልጣል? እጄን ይዞ እግሬ ሥር ነው ያለው።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። መንገዱን በሜትር ለካ፣ ወረቀት ላይ ፕላን የሚሉትን ሥዕል ሣለ፣ ሁላችንንም ወደ ጣቢያ ወሰደን። ፒካፑንም ከነጭነቱ ግቢ አስገባው። ዶሮውም አብሮ ገባ፤ አልወርድም ብሏል።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ እኔን አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ዳሌዬን ይጠዘጥዘኛል፤ እኔ ግን ዝም ብያለሁ። ፖሊሱ ለሁላችንም እንዲሰማ ተናገረ። «ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ ነው። ርቀት ጠብቆ መንዳት ነበረበት። እኒህ እናት ዕድሜያቸው የገፋ ነው። የሕክምና ወረቀታቸው ነገ እስኪመጣ ሾፌሩ እዚሁ ይቆያል።»

ሰይድ ምንም አልተከራከረም። አንገቱን ደፋ። «እሺ» ብቻ አለ።

እኔ ደግሞ «እንግዲህ ሕጉ ካለ አለ ነው» ብዬ በልቤ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትከሻ መታ ማድረጌን ልናገር አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። አንደኛ ፈራሁ። ሁለተኛ ማርያምን ስሳለም ተገጨሁ ብሎ መናገር ከበደኝ፤ እሷን የወቀስኩ መሰለኝ።

በዚህ መሀል የሰቆጣው አማቼ መኳንንት እየበረረ ደረሰ። ደግ ልጅ ነው፤ ሲቆጣ ግን ግቢ ይጠበዋል። «እማማን እንደ ጆንያ ወርውሮ በይቅርታ? አይሆንም! ይከሰሳል!» አለ። «መንገዱን ያባቱ ርስት አደረገው?» አለ። ሰዉም «ልክ ነው!» ይላል። ጌታወይም የሞተሩን ቸርኬ እያየ «ልክ ነው» አለ፤ እሱም እኮ የቀን እንጀራው ነው።

ከዚያ አንዲት ሴት በር ላይ ታየች። ዘሐራ ናት፣ የሰይድ እናት። ልጇን ከሩቅ አየችው፤ ግን ወደሱ አልሄደችም። በቀጥታ ወደኔ መጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጫማዬን አውልቃ ቁርጭምጭሚቴን ትዳብስ ጀመር። «እናቴ፣ የት ነው የሚያምዎት? ውሃ ጠጡ? የቀመሱት ነገር አለ?» ትለኛለች። ስለ ልጇ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከኋላዋ የመጡት ሴቶች ናቸው እርስ በርሳቸው «ነገ የሐያት ሠርግ እንዴት ሊሆን ነው?» ሲሉ የሰማሁት።

«የማን ሠርግ?» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐያት የሰይድ እህት ናት። ኒካዋ ነገ ጠዋት ነው የሚታሰረው። አባታቸው ሞቷል፤ እሷን የሚድራት ታላቅ ወንድሟ ሰይድ ነው። አጎት የሚባልም በቅርብ የላቸውም። ፒካፑ ላይ ያለው ሩዝና ዘይትም የሠርጉ ነው። ሰይድ እዚህ ካደረ ሙሽራይቱን የሚሰጥ ሰው የለም፤ የመጣው እንግዳም ወጡን ሳይቀምስ ይመለሳል።

እንግዲህ እኔ ሦስት ሴት ድሬያለሁ። የሠርግ ዋዜማ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዘሐራ ደግሞ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ የኔን ቁርጭምጭሚት ትዳብሳለች። አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ተነሳሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። «ማርያምን ልሳለም ብዬ የሞተረኛውን ትከሻ መታ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መሀል መንገድ ላይ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ምን ያድርግ? ልጁን ልቀቁትና እኔን እሰሩኝ።»

ጌታወይ ክንዴን ያዘኝ። «እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ! አሁን በድንገት ቆመ ብለው ሊከሱኝ ነው!» አለኝ በሹክሹክታ። ሹክሹክታውን ግን ግቢው ሁሉ ሰማው።

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሳቁን ዋጠ። «እማማ፣ እርስዎን የማስርበት አንቀጽ የለኝም። ትከሻ መታ ማድረግ የሚል ሕግ አላየሁም። ከኋላ ያለው ርቀት ይጠብቅ ነው የሚለው። የፊተኛው በምንም ምክንያት ቢቆም።»

«እና ይሄ ልጅ በምን ይለቀቃል?»

«ተጎጂዎቹ ደህና ከሆኑና ክስ የለንም ካሉ፣ በሽማግሌ ከያዛችሁት፣ ዋስ ጠርቶ ይሄዳል። እርስዎ ግን ተጎድተዋል።»

«ማን ነው የተጎዳው? እኔ ደህና ነኝ!»

«እስቲ እስከ በሩ ሄደው ያሳዩኝ» አለኝ።

አይ የዚያ በር ርቀት! ከአስከተማ ሰቆጣም እንዲያ አልራቀኝም። ዳሌዬ እሳት ሆኗል። ግን ጥርሴን ነክሼ፣ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። በሩን በእጄ ነካሁት። ስመለስ ሁሉም እግሬን ሲያይ አየሁና ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ትከሻዬን ሁለቴ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አድርጌ እስክስታ ወረድኩላቸው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያቺ ጌሾዋ የተበላሸባት ሴት ለምስክርነት መጥታ ነበር፤ እልል አለች። መኳንንት እንኳ ቁጣው ረግቦ «እማማ፣ ኧረ በማርያም ተቀመጡ!» ይላል። ፖሊሱ «እንዲህ ያለ ተጎጂ አይቼ አላውቅም» አለ።

ሁለት ሽማግሌ ተጠራ። አንዱ ከገበያው አንድ ሐጂ፣ አንዱ በመንገድ ሲያልፉ የተያዙ ቄስ ናቸው። ሁለቱ ለካ የቆየ ወዳጅ ናቸው፤ ሥራውን በጨዋታ ጨረሱት። ሰይድ ሞተሩን አሠርቶ ሊሰጥ፣ ጌታወይም ሞተሩ እስኪወጣ የሰይድን ዕቃ በፒካፑ አብሮት እያመላለሰ ከገቢው ሊካፈል ተስማሙ። የጌሾዋም ሴት ጌሾዋን ለሠርጉ ቤት ሸጠች እንዳልል እስላም ጠላ አይጠምቅም፤ መኳንንት ነው የገዛላት። እኔ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ቄሱ ደግሞ ወደኔ ዞር ብለው «አንቺ ሴት፣ እመቤታችን እየሄደ የሚሳለማትንም ታየዋለች። ሰው አታስፈጂ» አሉኝ። ሐጂው «በተለይ በገበያ ቀን» ብለው ጨመሩበት።

በማግስቱ ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ዘሐራ ሰው ልካ አስመጣችኝ። ለኛ ለክርስቲያኖቹ በጉን የኛ ሰው አርዶት፣ በሌላ ድስት ተሠርቶ፣ ለብቻ ዳስ ተጥሎ ነበር። ሰይድ ነጭ ለብሶ እህቱን ዳረ። ጌታወይ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ጎኔ ተቀምጦ እንደ ዘመድ በላ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

«እንግዲህ ልሂድ» ብዬ ልነሳ ስል ዳሌዬ እንቢ አለ። ጌታወይ በአንድ ክንድ፣ መኳንንት በሌላው ሳቡኝ፤ ወይ ፍንክች! ዘሐራ ሮጣ መጣች። አየችኝ፣ ገባት። «እማማ! ትናንት ያ ሁሉ እስክስታ ውሸት ነበር?» አለችኝ።

«ትከሻዬ እኮ ደህና ነው» አልኳት። «ያመመኝ ዳሌዬ ነው።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ግን ሲያልቅ እንባው አላቆመም። ሦስት ቀን ከቤቷ አላስወጣችኝም። ጠዋትና ማታ በቅቤ ታሸኛለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ራሴ ሮጬ ወጣሁ፤ ፃግብጂ ያለችው ልጄ ናፍቃኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ስገባ መጀመሪያ የማርፈው ዘሐራ ሱቅ ነው። ጌታወይም አሁንም ሞተረኛዬ ነው። ውሉን ግን ቀይሮታል፤ ትከሻውን መታ ሳደርገው «አልቆምም፣ እየሄድን ይሳለሙ!» ብሎ ይጮሃል። እኔም እየሄድኩ ጎንበስ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ቅር ይለኝ ነበር፤ ለምጄዋለሁ።

አሁን ያን ቀን ሳስበው ሳቄ ይመጣል እንጂ አላዝንም። ዝም ብዬ የተቀመጥኩባት ያቺ ጥቂት ጊዜ ግን ትቆጨኛለች። ዘሐራ ባትመጣ ኖሮ እስከ መቼ ዝም እል ነበር? ብቻ «ኋላም ቢሆን ተናገርኩ፤ ልጁን አስፈታሁ» እያልኩ ስጽናና፣ ትንሽም ስኩራራ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ክረምት ነው። ሰይድ ዓረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዘሐራ ሱቅ ወጥቼ የጌታወይ ሞተር ላይ ልፈናጠጥ ስል እሷ ከውስጥ እየጮኸች መጣች። ነጠላዬ ከኋላዬ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሰብስባ ወገቤ ላይ አጥብቃ ቋጠረችው። «ዛሬም እንደዚያ ቀን ጎማ ሊያስበሉት ነው?» አለችኝ።

«የቱ ቀን?» አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ «እንግዲህ እሱም ሩቅ ነው፤ ልንገርዎት» ብላ ነገረችኝ። ለካ ያን ቀን ነጠላዬ ተንጠልጥሎ ጫፉ ከኋላ ጎማ አጠገብ እየተወዛወዘ ነበር። ጎማው ቢይዘው አንገቴን ይዞኝ ነበር የሚወርደው። ሰይድ ከኋላ አይቶ ጥሩምባ ነፋ፤ በገበያው ጩኸት አልሰማነውም። በመስኮት ጮኸ፤ አልሰማነውም። ከጎናችን ደርሶ ሊያሳየን ተጣድፎ ሲቀርብ ነው እኛ የቆምነው።

«ታዲያ ለፖሊሱ ለምን አልተናገረም?» አልኳት። «ያ ሁሉ ሰው ሲሰድበው፣ እህቱን ሳይድር ሊቀር ሲል?»

እሷም ያን ዕለት ማታ ይህንኑ ጠይቃው ነበር። መጀመሪያ ላይ አስቦ የነበረው እኔ ከድንጋጤዬ እስክረጋጋ ቆይቶ ሊናገር ነው። ከዚያ እኔ ተነሳሁ። «እማ» አላት፣ «እኒያ እናት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ቆመዋል። ሁለተኛ ጥፋት እንዴት ልጨምርባቸው?»